«ቲቢ የለብዎትም» ከተባለ በኋላም የማይለቅ ሳል

ሳልዎ ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው አክታ ሰጥተዋል እንበል። ውጤቱ «ቲቢ የለብዎትም» የሚል ሆነ። ለሳንባ ምች የሚሰጠውንም መድኃኒት ዋጡና ጨረሱ። ሳሉ ግን አልለቀቀም። ወር አለፈ፣ ሦስት ወር አለፈ። ድሮ ሳያርፉ የሚወጡትን ዳገት አሁን መሐል ላይ ቆመው ትንፋሽዎን መሰብሰብ ጀመሩ።

ብዙ ሰው ምርመራውን እዚህ ላይ ያቆማል። «ቲቢ አይደለም» የሚለውን ቃል «ጤነኛ ነህ» ማለት አድርጎ ይወስደዋል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የአክታው ምርመራ የመለሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ከምን መጣ የሚለው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም።

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው አምዳችን የምናነሣው በዚህ ክፍተት ውስጥ ተደብቀው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይታወቁ ስለሚቆዩ የሳንባ ሕመሞች ነው። ሐኪሞች «ኢንተርስቲሻል ላንግ ዲዚዝ»፣ በአጭሩም «አይ ኤል ዲ» ይሏቸዋል። ሳይታወቁ ሲቆዩ የብዙዎቹ መጨረሻ ጠባሳ በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ «የሳንባ ጠባሳ ሕመሞች» እያልን እንጠራቸዋለን። ምርመራቸው እንዴት እንደሚካሄድ፣ ከእርስዎ ከታካሚው ምን እንደሚጠበቅም እንመለከታለን።

ሳንባ ውስጥ ምን ይሆናል?

የምንስበው አየር በመተንፈሻ ቱቦ ይገባል። ቱቦው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለና እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ላይ ይደርሳል። በአንድ አዋቂ ሰው ሳንባ ውስጥ 300 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ከረጢቶች አሉ። ግድግዳቸው ከፀጉር እጅግ የሳሳ ነው፤ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈውም በዚሁ ስስ ግድግዳ በኩል ነው።

በአስም ጊዜ የሚጠበው ቱቦው ነው። በሳንባ ምች ጊዜ ከረጢቱ በፈሳሽና በመግል ይሞላል። በሳንባ ጠባሳ ሕመሞች ግን የሚጎዳው ግድግዳው ነው። መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ይወፍራል፣ በመጨረሻም ቆዳ ላይ እንደሚቀር የቁስል ጠባሳ ይጠነክራል። የጠነከረ ሳንባ እንደ ልብ አይለጠጥም፤ ኦክስጅንም በወፈረው ግድግዳ በቀላሉ አያልፍም። ለዚህ ነው ታካሚው ቁጭ ሲል ደህና ሆኖ፣ ሲራመድና ሸክም ሲይዝ ትንፋሽ የሚያጥረው።

በዚህ ስም የሚጠሩት ሕመሞች ከ200 በላይ ናቸው። መነሻቸው ግን በጥቅሉ በአራት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ወደ ውስጥ የምንስበው አቧራ፣ ሻጋታና ጭስ ነው። ሁለተኛው የሰውነት መከላከያ በራሱ አካል ላይ ሲነሣ የሚመጣ ነው። ሦስተኛው አንዳንድ መድኃኒቶችና የጨረር ሕክምና የሚያስከትሉት ጉዳት ነው። አራተኛው እስካሁን ምክንያቱ ያልታወቀ ሲሆን በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ፣ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ፣ ሲጋራ ባጨሱ ሰዎችም ላይ ይበረታል።

የዓይነቱ መለየት ለታካሚው ትልቅ ትርጉም አለው። የሻገተ ድርቆሽ ያመጣው ሕመም ከሻጋታው በመራቅ ሊቆም፣ ቶሎ ከተደረሰበትም ሊሻል ይችላል። አንዴ ጠባሳ የሆነው ክፍል ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ በምርመራ መዘግየት የሚጠፋው ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሳንባም ጭምር ነው።

ለምን ይዘገያል?

የመጀመሪያው ምክንያት ሕመሙ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። በአንድ ሌሊት አይጥልም። ሰውየው ሳያውቀው እርምጃውን ይቀንሳል፣ ሸክሙን ለልጁ ይሰጣል፣ ዳገት ያለበትን መንገድ ትቶ ሜዳውን ይመርጣል። ሲጠየቅም «ዕድሜ ነው» ይላል።

ሁለተኛው ምክንያት አካባቢው ነው። አዘዞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ ከፍታውም ብርዱም ይጨምራል። በዚህም የተነሣ የትንፋሽ ማጠርን «የደጋው አየር ነው»፣ ሳልንም «ብርድ መቶኝ ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን በአካባቢው ተወልደው ያደጉ ሰው ከሆኑ ሰውነትዎ ከፍታውን ለምዶታል። አምና ያለ ችግር የወጡትን ዳገት ዘንድሮ መውጣት ካቃተዎት ዳገቱ አልጨመረም፤ የተለወጠው እርስዎ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሌሎች ሕመሞች ጋር መመሳሰሉ ነው። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። በመሆኑም ሐኪሙ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ሲያይ በቅድሚያ ቲቢን መፈለጉ ትክክል ነው። ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ የአክታ ምርመራ በሁለት ሰዓት ገደማ ውጤት ይሰጣል። ችግሩ የሚመጣው ቲቢ ሳይገኝ ሲቀር ፍለጋው ሲቆም ነው።

በጥቅሉ ሲታይ በቲቢ ጊዜ አክታ ያለው ሳል፣ የምሽት ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ይበዛል፤ አንዳንዴም ደም ይኖራል። በአስም ጊዜ ሕመሙ መጣ ሄደት የሚል፣ ደረት ሲር ሲር የሚያሰኝ፣ በሚነፋ መድኃኒትም የሚሻል ነው። በሳንባ ጠባሳ ሕመሞች ግን ሳሉ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ የትንፋሽ ማጠሩም መጣ ሄደት ከማለት ይልቅ ከወር ወር እየጨመረ ይሄዳል። የልብ ድካምና የደም ማነስም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ አብረው መታየት አለባቸው። እነዚህ ልዩነቶች ለጥርጣሬ ይረዳሉ እንጂ ብቻቸውን አይፈርዱም። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፤ የዳነ ቲቢም ራሱ ሳንባ ላይ ጠባሳ ትቶ ሊሄድ ይችላል።

ትልቁ የምርመራ መሣሪያ የእርስዎ ታሪክ ነው

ይህን ሕመም ለመለየት ከሚያገለግሉት ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ዋጋ የለውም፤ ከቤትዎ ይዘውት የሚመጡት ታሪክ ነው። ሐኪሙ ስለ ሥራዎ፣ ስለ ቤትዎ፣ ስለ ከብቶችዎና ስለ ዶሮዎችዎ ሲጠይቅዎ ወሬ ለማብዛት አይደለም።

አዘዞ ከደምቢያና ከጭልጋ የሚመጡት መንገዶች ከጎንደሩ መንገድ ጋር የሚገናኙባት ናት። ለማሳያ ያህል፣ ከደምቢያ በኩል የመጡ አንድ በዕድሜ የገፉ አርሶ አደር ከጤና ባለሙያ ጋር ሲነጋገሩ በሐሳባችን እናስብ።

«አባባ፣ ሳሉ ዓመቱን ሙሉ እኩል ነው?»

«የለም ልጄ፤ ከብቶቹን ድርቆሽ ሳበላ ሰሞን ይብስብኛል።»

«ድርቆሹ ይሻግታል?»

«ክረምት ላይ ውኃ ይገባበታል፤ የታችኛው ይሻግታል። ሳነሣው እንደ ዱቄት ይቦናል።»

«ያን ቀን ማታ ያተኩስዎታል?»

«ያንቀጠቅጠኛል እንጂ! ወባ መስሎኝ ስንቴ ተመረመርኩ፤ ወባ የለብህም ይሉኛል። ሁለት ቀን አርፌ ስቀመጥ ይተወኛል።»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ምርመራው ግማሽ መንገድ ሄዷል። የሻገተ ድርቆሽ፣ ገለባ ወይም እህል የሚያስነሣውን ብናኝ የሳቡ አንዳንድ ሰዎች ሳንባቸው ይቆጣል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ሳል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይጀምራቸዋል። ሲርቁት ይሻላቸዋል፣ ሲመለሱበት ያገረሻል። በዓለም ላይ «የገበሬ ሳንባ» የሚል ስም ያለው ይህ ሕመም በእንግሊዝ አገር በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ወባ በሚበዛበት አካባቢ ትኩሳቱ ከወባ ጋር ስለሚምታታ፣ ትኩሳቱ የሚመጣው ምን ሠርተው በዋሉበት ቀን እንደሆነ ማስተዋል ይጠቅማል። በቤት ውስጥ የሚረቡ ዶሮዎችና እርግቦች ላባና ኩስም በአንዳንድ ሰው ላይ ይህንኑ ያደርሳሉ።

ሌላው የሥራ ዓይነት ድንጋይ ነው። ጎንደርና አካባቢዋ ከነገሥታቱ ግንብ ዘመን ጀምሮ ድንጋይ የሚጠረብባቸው ናቸው። ድንጋይ ጠራቢዎች፣ በካባ የሚሠሩ፣ ሴራሚክና ኮንክሪት በማሽን የሚቆርጡ ሰዎች እንደ ድንጋዩ ዓይነት ሲሊካ የተባለውን ማዕድን ደቃቅ አቧራ ሊስቡ ይችላሉ። ሲሊኮሲስ የሚባለው ሕመም ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ሥራ በኋላ፣ አንዳንዴም ሥራው ከተተወ በኋላ ነው። ስለዚህ «አሁን ምን ይሠራሉ?» ለሚለው ብቻ ሳይሆን «ከዚያ በፊትስ?» ለሚለውም መልስ ይኑርዎት። ሲሊኮሲስ ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉም ከፍ ያለ በመሆኑ ሁለቱም መፈለግ አለባቸው።

ወደ ማድ ቤት ስንገባ ደግሞ ኩበትና እንጨት የሚነድበት፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል እናገኛለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና መሰል ጭስ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ጭስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው የአየር ቱቦዎችን ነው። ይሁንና ጥላሸቱ በሳንባ ውስጥ ተከማችቶ ጠባሳ ሊያስከትልም ይችላል። ስለዚህ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ሲባሉ «አላጨስም» ብለው አይቁሙ፤ በሳምንት ስንት ጊዜ እንጀራ እንደሚጋግሩና ከምድጃው አጠገብ ምን ያህል ሰዓት እንደሚቆዩ ጨምረው ይንገሩ።

ከሳንባ ጋር ግንኙነት የሌላቸው የሚመስሉ ጥያቄዎችም አሉ። ጠዋት ሲነሡ የጣቶችዎ መገጣጠሚያ ለረጅም ጊዜ አልታዘዝ ይላል? በብርድ ጊዜ ጣቶችዎ ነጭተው ኋላ ይጠቁራሉ? የእጅዎ ወይም የፊትዎ ቆዳ እየተወጠረ ነው? ዓይንዎና አፍዎ ይደርቃል? የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ ሲነሣ በመገጣጠሚያና በቆዳ ላይ እንደሚታይ ሁሉ በሳንባ ላይም ይታያል። አንዳንዴ ሳንባው ከመገጣጠሚያው ቀድሞ ይታመማል። እንዲህ ዓይነቱ ሕመም በወጣትና በጎልማሳ ሴቶች ላይ ስለሚበዛ «ገና ልጅ ነኝ» ማለት አያስቀረውም።

በመጨረሻም መድኃኒት አለ። ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮን፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሰጠው ናይትሮፉራንቶይን፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችም በጥቂት ሰዎች ሳንባ ላይ ጉዳት ያስከትላሉ። ይህን ስላነበቡ መድኃኒትዎን በራስዎ አያቋርጡ፤ የሚወስዱትን ሁሉ ግን ለሐኪሙ ያሳዩ።

በእጅና በጆሮ የሚደረግ ምርመራ

ሐኪሙ ጣቶችዎን አገላብጦ ሊያይ ይችላል። የጣት ጫፍ ማበጥና ጥፍሩ ወደ ታች መጉበጥ ለረጅም ጊዜ የቆየ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ከዚያም ጀርባዎን በማዳመጫ ያዳምጣል። በዚህ ሕመም ጊዜ በሳንባ ግርጌ፣ አየር ሲስቡ፣ የጃኬት ማጣበቂያ ሲላቀቅ የሚሰማውን የመሰለ ደቃቅ የመንጫጫት ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ ራጁ ላይ ምንም ከመታየቱ በፊት ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ልብስዎን ገለጥ አድርገው ጀርባዎን እንዲያዳምጡልዎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቀጥሎ ጣት ላይ በሚገባ ትንሽ መሣሪያ የደም ኦክስጅን ይለካል። ንባቡ በደጋ ከቆላው ትንሽ ዝቅ ስለሚል ቁጥሩን በአካባቢው ልክ የሚተረጉመው ባለሙያ ነው። ጣትዎ በብርድ ከደነዘዘ አሙቁት፤ የጥፍር ቀለም ካለ ያስለቅቁት፤ ሁለቱም ንባቡን ሊያዛቡ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ግን መለኪያው ቁጭ ብለው ብቻ ሳይሆን ተራምደውም መደረግ አለበት። በስድስት ደቂቃ የእርምጃ ምርመራ ታካሚው ጠፍጣፋ ኮሪደር ላይ በራሱ ፍጥነት እየተመላለሰ የሄደበት ርቀትና የኦክስጅኑ መጠን ይመዘገባል። ሲቀመጥ ደህና የነበረው ቁጥር ሲራመድ ከወረደ፣ በተለይም ከ88 በመቶ በታች ከደረሰ፣ ጉዳዩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ለዚህ ምርመራ ኮሪደር፣ ሰዓትና ያችው ትንሽ መሣሪያ ይበቃሉ።

ራጅ፣ የትንፋሽ መለኪያና ሲቲ ስካን

የደረት ራጅ የመጀመሪያው የምስል ምርመራ ነው። ነገር ግን በዚህ ሕመም ከተያዙት ከአሥር ሰዎች በአንዱ ገደማ ራጁ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። በሌላ በኩል ራጁ ላይ የሚታየው ጥላ የቲቢ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» የሚለው ቃል ትንፋሹ እያጠረ ለሚሄድ ሰው የመጨረሻ መልስ አይደለም። የቆዩ ራጆችዎንም አይጣሉ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተነሡት ራጅ ለውጡ አዲስ ይሁን የቆየ ለመለየት ከፍ ያለ ጥቅም አለው።

ስፓይሮሜትሪ የሚባለው ምርመራ ደግሞ ሳንባዎ የሚይዘውን የአየር መጠንና አየሩ የሚወጣበትን ፍጥነት ይለካል። በረጅሙ አየር ስበው፣ ቱቦውን በከንፈርዎ አጥብቀው ይዘው፣ በኃይል እስኪያልቅ ድረስ ይተነፍሳሉ። አያምም፤ የታካሚውን ትጋት ግን ይጠይቃል። በአስም ጊዜ አየሩ የሚወጣበት ፍጥነት ይቀንሳል። በሳንባ ጠባሳ ጊዜ ደግሞ ፍጥነቱ ደህና ሆኖ የሚወጣው አየር ራሱ ያንሳል፤ አፉ ሰፊ ሆኖ ሆዱ የጠበበ ማሰሮ እንደማለት ነው። ኦክስጅን በግድግዳው የማለፍ ዐቅሙን የሚለካ ሌላ ምርመራም አለ፤ እሱ ግን በጥቂት ቦታዎች ብቻ የሚገኝ ነው።

ወሳኙ የምስል ምርመራ ከፍተኛ ጥራት ያለው የደረት ሲቲ ስካን ነው። ሳንባውን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባላቸው ስስ ቁራጮች እየከፈለ ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም አያስፈልገውም። ትንፋሽዎን ሳቡ ሲባሉ መሳብ፣ ያዙ ሲባሉ መያዝ አለብዎት፤ አንዳንዴ በሆድዎ እንዲተኙ ወይም አየር አስወጥተው እንዲይዙ ሊጠየቁ ይችላሉ። ሐኪሙ የሚያየው ጠባሳው ያለበትን ቦታና ቅርጹን ነው። ለምሳሌ በሳንባው ግርጌና ዳር የማር ቀፎ የመሰሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች መደዳውን መታየታቸው ምክንያቱ ያልታወቀውን የሳንባ ጠባሳ አጥብቆ ያስጠረጥራል። ሌሎች ምክንያቶች ከሌሉና ይህ ገጽታ በግልጽ ከታየ ከሳንባ ሥጋ ቆርጦ መመርመር አያስፈልግም።

የደም ምርመራ ከጎን ይሄዳል። የሰውነት መከላከያ መዛባትን የሚያሳዩ ምርመራዎች፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ፣ የኩላሊትና የጉበት ሁኔታ ይታያሉ። የኤች አይ ቪ ውጤት የሚያስፈልገው የመከላከል ዐቅም ሲዳከም የሚመጡ አንዳንድ የሳንባ ኢንፌክሽኖች ይህንኑ ሕመም ስለሚመስሉ ነው።

አንድ ሐኪም ብቻውን የማይፈርድበት ሕመም

የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት የጋራ መግለጫ ለዚህ ሕመም ምርመራ የተለያዩ ባለሙያዎች ተሰብስበው እንዲወስኑ መክረዋል። የሳንባ ሐኪሙ ታሪኩን፣ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ምስሉን፣ እንደ አስፈላጊነቱም የመገጣጠሚያ ሐኪሙና ናሙና የሚመረምረው የፓቶሎጂ ሐኪም የየራሳቸውን ይዘው ይነጋገራሉ። ዛሬም የተሻለው መንገድ ይኸው ነው። ስለዚህ «ከሌሎች ሐኪሞች ጋር እንመካከርበታለን» ቢባሉ ሐኪሙ አያውቅም ብለው ቅር አይበሉ፤ ትክክለኛውን መንገድ እየሄደ ነው።

ከዚህም በኋላ መልሱ ካልጠራ በአፍንጫ ወይም በአፍ በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ ሳንባውን ዐይቶ በንጹሕ ፈሳሽ አጥቦ ናሙና መውሰድ፣ በመጨረሻም በቀዶ ሕክምና ትንሽ ሥጋ መውሰድ ይቻላል። የቀዶ ሕክምናው አደጋ ስላለው፣ በተለይም ትንፋሻቸው ክፉኛ ለተዳከመ ሰዎች፣ ጥቅሙና ጉዳቱ ተመዝኖ የሚወሰን ነው።

በአገራችን የሳንባ ሐኪሞች ቁጥር ለረጅም ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር። የመጀመሪያው የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ልዩ ሥልጠና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ ወዲህ ሠልጥነው የወጡ ሐኪሞች ስላሉ ዛሬ ወደ ላይ የመላክ ትርጉም አለው። ለአዘዞና ለአካባቢው ነዋሪ መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምርና፣ በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሚያስተዳድረው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይቀጥላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ደረጃውን ጠብቀው የሪፈራል ወረቀት ይያዙ፤ ያለዚያ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሳይታወቅ የሚዋጥ መድኃኒት

የዚህ ጽሑፍ ዋና ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ነው። የሳንባው ሕመም ምንነት ሳይታወቅ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ገዝቶ መዋጥ ለጥቂት ቀናት ያሻለ ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ተኝቶ የነበረን ቲቢ ሊቀሰቅሱ፣ የደም ስኳርን ሊጨምሩ፣ አጥንትንም ሊያሳሱ ይችላሉ። በአንዳንዶቹ የሳንባ ጠባሳ ሕመሞች ሐኪሙ ራሱ ያዝዛቸዋል፤ በሌሎቹ ግን ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ በአሜሪካ የተካሄደ ጥናት፣ ምክንያቱ ባልታወቀው የሳንባ ጠባሳ ለተያዙ ሰዎች ፕሬድኒሶንን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር መስጠት ሞትን እንደጨመረ አሳይቷል። ከዚያ በፊት ለዓመታት ይሰጥ የነበረ ሕክምና ነው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

የቲቢ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ቲቢ መሆኑ በምርመራ ሳይረጋገጥ በሐኪም ግምት ሕክምና ጀምረው ለውጥ ካላዩ በራስዎ አያቋርጡ፤ ነገር ግን «እንደገና ልታይ» ብለው ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ከመጀመሩ በፊት «ሌላ ሕመም ይሆን?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ምክንያቱ ላልታወቀው የሳንባ ጠባሳ ኒንቴዳኒብና ፒርፌኒዶን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝተዋል። የጠባሳውን ፍጥነት ያዘገያሉ እንጂ አያድኑም፤ ዋጋቸውም ውድ ነው። ይህ ዓይነቱ ሕመም ሳይታከም ሲቀር ከታወቀ በኋላ ብዙዎች የሚኖሩት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት መሆኑ እውነት ነው። ይህን የምንነግርዎ ለማስፈራራት አይደለም። ከ200ው ውስጥ ብዙዎቹ ከዚህ የተሻለ መጨረሻ ያላቸው በመሆናቸው፣ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማሳየት ነው።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ይዘውት የሚሄዱት

1. ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ የጀመረበትን ጊዜ። ቀኑን ባያስታውሱ በበዓል ወይም በእርሻ ወቅት ይናገሩት፤ «ከመስቀል ወዲህ» ወይም «ከአምናው አጨዳ ጀምሮ» ማለት ይበቃል።

2. ከልጅነትዎ ጀምሮ የሠሯቸውን ሥራዎች ዝርዝር፣ በእያንዳንዱ ስንት ዓመት እንደቆዩ።

3. የሚወስዱትንና ከዚህ በፊት የወሰዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው፤ የባህል መድኃኒትም ካለ ሳይደብቁ።

4. የድሮ ራጆችን፣ የአክታና የደም ውጤቶችን፣ የቲቢ ሕክምና ካርድን።

5. አብሮዎት የሚኖር አንድ ሰው። «ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚለውን ብዙ ጊዜ ከታካሚው ይልቅ የትዳር ጓደኛው ወይም ልጁ ያውቀዋል።

መልሱ እስኪገኝ ድረስም ባዶ እጅዎን አይቀመጡ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ። የሻገተ ድርቆሽ ሌላ ሰው እንዲያነሣልዎ ያድርጉ፤ ድርቆሹንም ከእርጥበት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። ድንጋይ ሲቆርጡ ውኃ ያርከፍክፉበት፤ አፍና አፍንጫን በሚገባ የሚገጥም ማስክ ያድርጉ፤ ነጠላ መሸፈን ደቃቁን አቧራ አያግድም። የማድ ቤቱን ጭስ የሚያስወጣ መስኮት ወይም ቀዳዳ ያብጁ። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም የሐኪም ቀጠሮዎንና መድኃኒትዎን አያቋርጡ።

ቁጭ ብለው እያሉ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ከንፈርዎ ወይም ጥፍርዎ ከጠቆረ፣ ደም ካሳለዎት፣ ድንገተኛ የደረት ውጋት ከያዘዎት ወይም አእምሮዎ ከተምታታ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ከሁለት ወር በላይ የቆየ ደረቅ ሳልና እየባሰ የሚሄድ የትንፋሽ ማጠር ያለው ሰው በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ ካለ፣ «ቲቢ አይደለም አሉኝ» ብሎ ሲነግርዎ «ታዲያ ምንድን ነው አሉህ?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ከሌለው ምርመራው አላለቀም።